ካዝናህን አቅልል፣ እጅህን አሰልጥን

የአደን ወቅት ሊከፈት ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ስምንት ጠመንጃ ያለው ሰው ካዝናውን ከፍቶ ይቆማል። አንዱን ያነሳል፣ ይመዝናል፣ ይመልሳል። «ዘንድሮ የትኛውን ልያዝ?» እያለ ምሽቱን ያሳልፋል። አንድ ጠመንጃ ያለው ጎረቤቱ ግን ይህ ጥያቄ የለበትም። ያንን ምሽት ተኩስ ሜዳ ነው ያሳለፈው።

ይህን የምጽፈው ለባለ ስምንቱ ነው። በኮሎራዶም ሆነ በሚኒሶታ፣ በቨርጂኒያም ሆነ በሌላ ግዛት እየኖርክ አደን ከለመድክ፣ ዓመት በዓመት አንድ እየጨመርክ ካዝናህን ከሞላህ ደስ የሚል ዜና አለኝ። የተሻለ አዳኝ ለመሆን የሚያስፈልግህ ዕቃ ቀድሞውኑ ቤትህ ገብቷል። ከእንግዲህ መግዛት አያስፈልግህም። ካሉህ መካከል መርጠህ፣ የመረጥከውን እስከ ጥግ ማወቅ ብቻ ነው የቀረህ። ይህን ደግሞ ትችላለህ።

ክምችቱ እንዴት እንደሚመጣ አውቃለሁ። የመጀመሪያው ጠመንጃ በፍቅር ይገዛል። ሁለተኛው በምክንያት ነው፤ «ይሄኛው ለአጋዘን ነው፣ ለኤልክ ጠንከር ያለ ያስፈልጋል» ይባላል። ሦስተኛው ቀላል ስለሆነ፣ አራተኛው ዝናብ ስለማይጎዳው፣ አምስተኛው ቅናሽ ስለነበረ፣ ስድስተኛው አዲስ የጥይት ዓይነት ስለወጣ ይገዛል። አንድ በአንድ ሲታዩ ሁሉም በቂ ምክንያት አላቸው። ተደምረው ሲታዩ ግን ባለቤታቸውን ያደክማሉ። እያንዳንዱ የራሱ መነጽር፣ የራሱ ጥይት፣ የራሱ ጽዳት፣ የራሱ የልምምድ ሰዓት ያስፈልገዋል። ገንዘቡ ቢገኝ እንኳ ሰዓቱ ከየት ይመጣል?

እስቲ ወደ ጥይቶቹ እንግባ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሳያስበው ይሸወዳል። 30-06 የሚባለውን ጥይት የአሜሪካ ጦር የተቀበለው በ1906 ነው። 270 ዊንቸስተር በ1925 መጣ። 308 ዊንቸስተር በ1952፣ 7 ሚሊ ሜትር ሬሚንግተን ማግነም በ1962፣ አሁን ሁሉም የሚያወራለት 6.5 ክሪድሙር ደግሞ በ2007 ወጡ። በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል መቶ ዓመት አለ። የኮሎራዶ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ኤልክ ለማደን የሚጠይቀው ዝቅተኛ መስፈርት የአረሩ ስፋት ከ0.24 ኢንች (6 ሚሊ ሜትር ገደማ) እንዳያንስ፣ ክብደቱም ቢያንስ 85 ግሬን (5.5 ግራም) እንዲሆን፣ አረሩ ሲመታ የሚከፈት ዓይነት እንዲሆን፣ በ100 ያርድ ላይም በቂ ጉልበት እንዲኖረው ነው። ከላይ የዘረዘርኳቸው በሙሉ፣ ለአደን በተሠራ ጥይት ይህን መስፈርት በሰፊው ያልፋሉ። 300 ኪሎ ከሚመዝን ወንድ ኤልክ ፊት አምስቱም አንድ ሥራ ነው የሚሠሩት። ልዩነታቸው ጎልቶ የሚታየው ብዙዎቻችን ልንተኩስበት በማይገባን ርቀት ላይ ነው። 270፣ 308 እና 30-06ን አንድ ላይ ካዝና ውስጥ ያስቀመጠ ሰው አንዱን ሥራ ለሦስት ሠራተኛ ሰጥቷል።

ትልቁ ጉዳይ ግን ጥይቱ አይደለም፣ እጅ ነው።

ጫካ ውስጥ እንስሳው ብቅ ሲል የሚሰጥህ ጊዜ ጥቂት ሰከንድ ነው። በዚያች ቅጽበት አእምሮህ በልብ ምትህና በነፋሱ አቅጣጫ ተይዟል። ጠመንጃውን የሚያንቀሳቅሰው የለመደ እጅህ ብቻ ነው። አሁን ካዝናህን አስብ። ዊንቸስተር ሞዴል 70 ላይ ሴፍቲው ከመቀባበያው ኋላ የተቀመጠ ሆኖ ሦስት ደረጃ አለው፤ ወደ ፊት ሲገፋ ይለቃል፣ መሐል ላይ ቃታውን ይዞ መቀባበያውን ያስከፍታል፣ ወደ ኋላ ሲመለስ ሁሉንም ይቆልፋል። ሬሚንግተን 700 ላይ በስተቀኝ ያለች ትንሽ መግፊያ ናት። በድሮው ሞዘር 98 ላይ ደግሞ ከግራ ወደ ቀኝ የምትገለበጥ ክንፍ አለች። በአሮጌው ዊንቸስተር 94 ላይ የሚያዘው መዶሻው ራሱ ነው፤ በአውራ ጣት ወደ ኋላ ይሳባል። አራት ጠመንጃ፣ አራት የአውራ ጣት እንቅስቃሴ ማለት ነው። ዘንድሮ አንዱን፣ ከርሞ ሌላውን ይዞ የሚወጣ ሰው አውራ ጣቱ ያለፈውን ዓመት ጠመንጃ እየፈለገ ኤልኩ ዛፍ ውስጥ ይገባበታል።

ቃታውም እንዲሁ ነው። አንዱ በትንሽ ጫና ይለቃል፣ ሌላው ጠንከር ያለ መሳብ ይፈልጋል። ሰደፉ በአንዱ ይረዝማል፣ በሌላው ያጥራል፤ ትከሻህ ላይ ሲያርፍ ዓይንህ በመነጽሩ መሐል ወይ ትገጥማለች ወይ ትፈልጋለች። የመነጽሩ ማስተካከያ በአንዱ በኢንች ስሌት፣ በሌላው በሚሊራዲያን የተሠራ ነው። እነዚህ ሁሉ ትንንሽ ነገሮች ናቸው፣ ሲደመሩ ግን እንስሳው በአንድ ጥይት ሳይሰቃይ መውደቁን ወይም ቆስሎ መሄዱን የሚወስኑ ናቸው። የአጋዘን ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ ስፋቱ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። አዳኝ ለእንስሳው ያለበት ዕዳ አረሩን እዚያ ቦታ ላይ ማሳረፍ ነው። እኔ ክምችት መቀነስን በሙሉ ልቤ የምደግፈው በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው። ቦታ ይተርፋል፣ ገንዘብ ይተርፋል፣ ጥሩ ነው፤ ከሁሉም በላይ ግን የቆሰለ እንስሳ ይቀንሳል።

አንድ ጠመንጃን በሚገባ ማወቅ የት እንደሚያደርስ የሚያሳይ ሰው ልጥቀስ። ዋልተር ቤል የተባለ በ1880 የተወለደ ስኮትላንዳዊ ነበር። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በምሥራቅ አፍሪካ ተዘዋውሮ ከ1,000 በላይ ዝሆን ገድሏል፤ ወደ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ዘልቆ በጊሎ ወንዝ አካባቢም አድኗል። ያን የዝሆን ጥርስ ንግድ ዛሬ የሚያመሰግን የለም፣ እኔም አላመሰግንም። ከሙያው ግን ትምህርት አለ። የዘመኑ አዳኞች ለዝሆን ትከሻ የሚሰብር ከባድ ጠመንጃ ሲሸከሙ፣ ቤል አብዛኞቹን የጣለው በ7 ሚሊ ሜትሯ ቀላል ሪግቢ ሞዘር ነው። ምሥጢሩ በመጋዝ ለሁለት የተሰነጠቀ የዝሆን ራስ ቅል ነበር፤ አንጎሉ በትክክል የት እንደተቀመጠ ከየአቅጣጫው አጠናው። ሌሎቹ የጠመንጃውን ጉልበት ሲጨምሩ እሱ ዕውቀቱን ጨመረ።

በካናዳ ደግሞ በ1953 ቤላ ትዊን የተባሉ የክሪ ሕዝብ ተወላጅ የሆኑ እናት፣ በአልበርታ ስሌቭ ሌክ አካባቢ ሳሉ ትልቅ ግሪዝሊ ድብ መጣባቸው። በእጃቸው የነበረችው ለጥንቸልና ለወፍ የምትሆን፣ አንድ ጥይት ብቻ የምትጎርስ ባለ 22 ኩዪ ነበረች። ድቡን በዚያች ጣሉት፤ በዘመኑም በመጠኑ የዓለም ክብረ ወሰን ሆነ። በ22 ድብ አድን እያልኩህ አይደለም፣ በፍጹም! ይህ ራስን የማዳን ታሪክ ነው። እኔ የማደንቀው እኚህ ሴት ዕድሜ ልካቸውን በዚያ ጫካ ሲያድኑና ሲያጠምዱ ኖረው የእንስሳውን ራስ ቅል ስስ ቦታ ማወቃቸውን፣ የያዟት ትንሽ ጠመንጃ ምን እንደምትችልም መረዳታቸውን ነው።

ጃክ ኦኮነር ደግሞ ለየት ይላል። «አውትዶር ላይፍ» በተባለው መጽሔት ለረጅም ዓመታት ስለ ጠመንጃ የጻፈ፣ የ270ን ስም ያስጠራ ሰው ነው። ሥራው ስለነበር ብዙ ጠመንጃ በእጁ አልፏል። ተራራ ለተራራ የዱር በግ ለማደን ሲወጣ ግን የሚያነሳት የታወቀች ነበረች፤ አል ቢሰን የተባለው ባለሙያ ሰደፏን የሠራላት ዊንቸስተር ሞዴል 70፣ እሱ «ቁጥር 2» የሚላት። ብዙ የመረመረ ሰው በመጨረሻ ለአንዷ ታማኝ መሆኑ ብዙ ይነግረናል።

ለእኛ ደግሞ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በጎጃምም በጎንደርም በሸዋም ገጠር ምንሽር ወይም ውጅግራ የነበረው አባት ብዙውን ጊዜ አንድ ነበረችው። ወደ ግራ ታደላ እንደሆነ፣ በብርድ ጠዋት እንዴት እንደምትተኩስ፣ የትኛው ጥይት እንደሚስማማት ያውቃል። ጥይቱም ውድ ስለነበር እንዲሁ አይበተንም፤ ካልተመቸ አይተኮስም። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» የሚለው አባባል የመጣው አንዱን የመምረጥን ጥቅም ከሚያውቅ ሕዝብ ነው።

ባለፈው ክረምት ኮሎራዶ ኦሮራ የሚኖሩ፣ ጋሼ እያልኩ የምጠራቸው ታላቅ ወዳጄ ካዝናቸውን ሊያቀሉ ወስነው ጠሩኝ። ልጆቹ ከቤት የወጡበትን ቀን መርጠዋል። ሥራው የተጀመረው በጥንቃቄ ነው፤ እያንዳንዱ ጠመንጃ ሲወጣ መቀባበያው ተከፍቶ፣ ማጉረሻው በዓይንም በጣትም ታይቶ፣ ባዶ መሆኑ ተረጋግጦ፣ አፈሙዙ ወደ ግድግዳው ዞሮ ጠረጴዛው ላይ ተጋደመ። ጥይቱ በሌላ ክፍል ለብቻው ተደረደረ። ያን የጥይት ክምር ብታይ ትገረማለህ፤ ስድስት ዓይነት ጥይት ነው፣ አብዛኛው ሳጥን ግማሽ፣ የአንዱ ዓይነት ጥይት ራሱ በሦስት የተለያየ የአረር ክብደት የተገዛ።

«ይቺን ለመጨረሻ ጊዜ ይዘዋት የወጡት መቼ ነው ጋሼ?» አልኳቸው አንዷን እያሳየሁ።

«እሷን? ልጆቹ ትምህርት ቤት ሳይገቡ ይመስለኛል።»

«ይቺስ?»

«እሷማ...» አሉና ጠመንጃውን በእጃቸው መዳበስ ጀመሩ። «መነጽሯን እንኳ አላስተካከልኩላትም። ስገዛት ግን እንዴት ደስ ብሎኝ ነበር መሰለህ ልጄ!»

ከወጥ ቤት ባለቤታቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ያቺን የእንጨቷን ግን አደራ፣ እንዳትነኩብኝ! የመጀመሪያውን ሥጋ ለዚህ ቤት ያመጣች እሷ ናት» አሉ። የሚናገሩት ስለ አሮጌዋ 30-30 ነበር። ጋሼ ቀና ብለው ሳቁ፤ 30-30 ዋም ወደ ካዝናዋ ተመለሰች። ምንም ክርክር አላስፈለገም። ትዝታ ያለበት ዕቃ ማስቀመጥ ኃጢአት አይደለም፤ ትዝታ መሆኑን ማወቅ ግን ጥሩ ነው። አምስት ጠመንጃ «ለትዝታ» ካስቀመጥክ ግን ራስህን በቅንነት ጠይቅ።

የቀሩትን ለመለየት ጋሼ ወረቀት አንስተው ሦስት ነገር ብቻ ጻፉ፤ የት ነው የማድነው፣ ምንድን ነው የማድነው፣ ትክክለኛ አቅሜ እስከ ስንት ሜትር ነው። መልሳቸው ግልጽ ነበር። ኤልክና አጋዘን፣ ተራራ ላይ፣ ከ250 ሜትር ሳይበልጥ። ይህን መልስ ይዘው ወደ ጠረጴዛው ሲመለሱ ግማሹ ጥያቄ ራሱ ተፈታ። ባለ 30-06 ሞዴል 70 ዋና ሆነች፤ ምክንያቱም ትከሻቸው ላይ ዓይን ጨፍነው ቢያነሷት እንኳ የምትገጥም እሷ ብቻ ነበረች። ባለ 22 ዋ ለልምምድና ለጥንቸል ቀረች። ከእንጨቷ ጋር ሦስት ሆኑ። አምስት ወጡ።

አንተም ስትመርጥ የሱቅ ማስታወቂያውን ተውና ይህን ፈትን። ጥይቷ በምትኖርበት ከተማ ተራ ሱቅ ውስጥ ይገኛል? በዝናብና በበረዶ ወቅት አምነሃት ትወጣለህ? ሁለት ሰዓት ሽቅብ ስትወጣ ተሸክመሃት ትዘልቃለህ? ግፊቷ ዓይን አያስጨፍንህም? የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጣል። ግፊቱን የሚፈራ ሰው ቃታውን ሲስብ ይደነግጣል፤ ማግነም ይዞ ከሚደነግጥ ይልቅ በ308 ተረጋግቶ የሚመታ አዳኝ ብዙ ሥጋ ይዞ ይገባል። ለአንዳንድ ሰው አንድ ጠመንጃ ይበቃል፣ ለአንዳንዱ ሦስት። እኔ ቁጥሩ ላይ አልጨቃጨቅም። መለኪያው እያንዳንዷን በየዓመቱ በበቂ ታለማመዳታለህ ወይ የሚለው ነው።

የሚወጡትን በተመለከተ ሕጉን አክብር። የአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ከ1968 ጀምሮ በሌላ ግዛት ለሚኖር ሰው ጠመንጃ የሚተላለፈው ፈቃድ ባለው ነጋዴ በኩል እንዲሆን ያዛል። ኮሎራዶ ደግሞ ከ2013 ጀምሮ በግለሰቦች መካከል ለሚደረግ ሽያጭም የገዢውን የኋላ ታሪክ ማጣራት ትጠይቃለች፤ ለቅርብ ቤተሰብ ስጦታ የተለየ ድንጋጌ አላት። ግዛቶች ስለሚለያዩ ቀላሉ መንገድ ፈቃድ ወዳለው ሱቅ ይዞ መሄድ ነው። ይህም ለወገኖቻችን ሊሰመርበት ይገባል፤ ግሪን ካርድ ያለው ሰው በሕግ ካልተከለከለ በቀር ጠመንጃ መያዝ ይችላል፣ በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ግን በሕጉ የተቀመጡ ልዩ ሁኔታዎችን ካላሟላ አይፈቀድለትም። ስለዚህ «ለወንድሜ ልስጠው» ከማለትህ በፊት ይህን አጣራ።

ከአምስቱ የጋሼ ጠመንጃዎች አንዷ የት እንደደረሰች ሳስብ ደስ ይለኛል። የእህታቸው ልጅ አደን መጀመር ይፈልግ ነበር። በኮሎራዶ ከ1949 ወዲህ የተወለደ ሰው ሁሉ የአደን ፈቃድ ለማግኘት የአዳኞች ትምህርት መውሰድ አለበት፤ እሱም ትምህርቱን ጨርሶ የምስክር ወረቀቱን ይዞ መጣ። ጋሼ ሱቅ ድረስ አብረውት ሄደው፣ ማጣራቱ ተጠናቅቆ፣ 308 ዋን በስሙ አስተላለፉለት። ሰባት ዓመት ካዝና ውስጥ ቆማ የነበረች ጠመንጃ የአንድ ወጣት የመጀመሪያ ጠመንጃ ሆነች። የተቀሩት ተሸጡ፤ ገንዘቡም በጥሩ መነጽር፣ በጥሩ ጫማና በብዙ የ30-06 ጥይት ተተካ። ያልተጠቀምክበት ዕቃ ለሌላው ጅምር ይሆናል፤ ይህን ማየት በራሱ ደስታ ነው።

አሁን ዋናው ሥራ ይጀምራል። የመረጥካትን ጠመንጃ ይዘህ ተኩስ ሜዳ ስትሄድ አንድ ዓይነት ጥይት፣ አንድ የአረር ክብደት ብቻ ይዘህ ሂድ። 270 ከሆነችና 130 ግሬን አረር ከተጠቀምክ፣ በ200 ያርድ (183 ሜትር) ላይ አስተካክላት። በ100 ያርድ ላይ ወደ 4 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ብላ፣ በ300 ያርድ ላይ ደግሞ 16 ወይም 17 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብላ ትመታለች፤ እንደ ጥይቱ ትንሽ ይለያያል። ራስህ ተኩሰህ ያገኘኸውን ቁጥር በትንሽ ወረቀት ጽፈህ ሰደፏ ላይ ለጥፍ። ከዚያ ከጠረጴዛ ላይ ተነስ። ኤልክ ጠረጴዛ ላይ ተደግፎ የሚተኩስ ሰው አይጠብቅም። ተቀምጠህ፣ ተንበርክከህ፣ በዱላ ተደግፈህ ተኩስ። የኮሎራዶ ተራራ 3,000 ሜትር ላይ ትንፋሽ ያሳጥራልና ጥቂት ሮጠህ፣ እያለከለክ ተኩስ፤ ትንፋሽህን የምትገዛበትን ቦታ ታገኘዋለህ። ለምትገዛው የልምምድ ጥይት ደግሞ አትሰስት። በ1937 በወጣ ሕግ መሠረት በአሜሪካ በጥይትና በረጅም ጠመንጃ ላይ የሚጣለው 11 በመቶ ቀረጥ ለዱር እንስሳት ጥበቃ ይውላል፤ ሜዳ ላይ የተኮስከው እንኳ ለጫካው ይመለሳል።

ሜዳ ለመሄድ ጊዜ በማይኖርህ ቀን ቤትህ ውስጥ ተለማመድ። ጥይቱን ሁሉ ከክፍሉ አውጣ፣ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ደጋግመህ አረጋግጥ፣ አፈሙዙን አስተማማኝ ግድግዳ ላይ አቅና። አፈሙዙ ጫፍ አናት ላይ ሳንቲም አስቀምጥና ቃታውን ቀስ ብለህ ሳብ። ሳንቲሙ ሳይወድቅ ቃታው ከለቀቀ እጅህ ጥሩ ነው። ይህን ባለ 22 ላይ አታድርገው፣ መምቻዋን ሊጎዳ ይችላል፤ በትላልቆቹ አዳዲስ ጠመንጃዎች ላይ ግን በአብዛኛው ችግር የለውም፣ የአምራቹን መመሪያ ማየት ነው። አሥር ደቂቃ በቂ ነው። ቃታ፣ ሴፍቲ፣ መቀባበያ፣ እንደገና ቃታ፤ አውራ ጣትህ መንገዱን ሳይጠይቅ እስኪያውቀው። በኮሎራዶ ዋና ዋናዎቹ የጠመንጃ አደን ወቅቶች በጥቅምትና በኅዳር ናቸው። ከሰኔ ከጀመርክ አራት ወር አለህ፤ ለአንድ ጠመንጃ ይበቃል።